ሠርግ ያደረግኸው ለቅሶዬ

ናዝሬት፣ ግንቦት 1976 ዓ.ም.

ውድ ንዋይ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስለማላውቅበት ነው እንጂ ውድነትህስ ካለቀ ቆየ። ጤናህን አልጠይቅህም፤ መጽሐፍህ ጀርባ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ አይቻለሁ። ወፍረሃል፣ መነጽር አድርገሃል፣ አዲስ አበባ ተስማምታሃለች። የእኔን ጤና ደግሞ አገር ምድሩ አንብቦታል፣ ምን የምነግርህ ነገር ቀረኝ።

መጽሐፉ እጄ የገባው ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። አንተ ከሄድክ ወዲህ ከማስተማሩ አስወጥተውኛል፣ እንጀራዬ የስፌት መኪና ሆኗል፤ እዚያው የምታውቀው ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የሰው ጉርድና ሸሚዝ እሰፋለሁ። አንድ ቀን አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ዩኒፎርም ልታሰፋ መጣች። ወገቧን ስለካት ዓይኗ ግራ ጉንጬ ላይ ካለችው ጠባሳ አልነቀል አለ። ቀና ብዬ ሳያት እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። ሜትሩን ያጠበቅኩባት መስሎኝ ደንግጬ ለቀቅኳት። «እትዬ ሙሉ፣ እንዴት ቻልሽው?» አለችኝ። ምኑን ብላት፣ ከቦርሳዋ በጋዜጣ የተለበደ መጽሐፍ አውጥታ፣ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ እስክሪብቶ አቀበለችኝ።

«እዚህ ጋ ፈርሚልኝ፤ የሞትሽበት ላይ።»

እንዲህ አለችኝ፣ ንዋይ። ሜትር አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ፣ መርፌ በከንፈሬ ይዤ።

በማግስቱ አብዱልጀባር ሱቅ ሄድኩ። ከስኳርና ከሳሙናው ጎን መጽሐፍ ማከራየት ጀምሯል። የአንተ «ውባለም» ባንኮኒው ላይ አያድርም፤ አንዱ ሲመልስ ሌላው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እኔን ሲያይ ተራ የያዙትን ሁሉ አልፎ ሰጠኝ፣ ኪራዩንም አልቀበልም አለ። ራሱ አላነበበውም፣ ሰው ሲያወራ ሰምቶ ነው። «እኔ የምልሽ ሙሉ፣ እውነት ሐይቅ ገብተሽ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ፊቱ ቆሜ ነው እንግዲህ፣ በሁለት እግሬ።

ቤቴን ዘግቼ አነበብኩት። ለራስህ ቁመት ጨምረሃል፣ እሰይ፣ ደግ አደረግክ። ውባለም እኔ መሆኔ ነው፤ ፍቅረኛዋ ለአገር ግዳጅ ሩቅ ቦታ ይላካል፣ ደብዳቤው መንገድ ላይ ይጠፋል፣ እሷ የተወኝ መስሏት ታብዳለች፣ እሱ ሲመለስ ነገሩ አልቋል። አንተ ግን የትም አልተላክህም፤ በገዛ ማመልከቻህ ነው የተዛወርከው። ውባለምን ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ስትከታት ደግሞ ሳቄ መጣ። ሶደሬ ላይ ዋና ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁም እንዴ? የምትሰምጠውስ አንተ ነህ።

እዚህ ድረስ ያለውን ሆድ ይፍጀው ብዬ አልፈው ነበር። ያቅለሸለሸኝ ሠርጉ ነው። ውባለምህ በፍቅር አብዳ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ናዝሬት ውስጥ ዳስ በተጣለበት ሁሉ ሳትጠራ እየገባች «ሙሽራዬ የታለ?» ትላለች። በየሠርጉ እንግዳው አንድም ይስቅባታል፣ አንድም ያዝንላታል። እዚያ ጋ ስደርስ መጽሐፉን አስቀምጬ ጓሮ ወጣሁና አስታወክሁ። ለአነጋገር አይደለም፣ የበላሁትን ነው ያወጣሁት።

ደራሲ የጻፈውን ውሎ አድሮ ራሱ ያምነዋል ይባላል። ስለዚህ እንደማያውቅ ሰው ላስታውስህ። እኔ ሠርግ ቤት አልሄድኩም። ለቅሶ ቤት ነው የሄድኩት።

በ1970 ወንድሜን ሐዲስን ገደሉት። እናታችን ከሞተች ጀምሮ አዝዬ ያሳደግኩት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ። አስከሬኑን አስፋልት ዳር ጥለው አሳዩን እንጂ አልሰጡንም። ለፀረ ሕዝብ አይለቀስም ተባለ፤ ድንኳን እንዳይተከል፣ ድምፅ እንዳይሰማ። የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ይዞ በራችን ላይ ቆመ። የቆመው መርዳሳ ነው፣ ታውቀዋለህ፤ ዛሬ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሆኗል። አንተ አንድ ጊዜ ብቅ አልክና፣ መርዳሳን ስታይ ከመንገድ ተመለስክ። በመስኮት አይቼሃለሁ።

እንባ ደግሞ ታስሮ አይቀርም። አንድ ጠዋት የእድሩ ጥሩንባ ሲነፋ ሰማሁ፤ ከጎረቤት አንዲት አሮጊት አርፈዋል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ። እዚያ ማልቀስ የሚከለክል የለም። ስማቸውን በቅጡ ለማላውቃቸው ሴትዮ ደረቴን ደቃሁ፣ ፊቴን ነጨሁ፤ ይህቺ ጠባሳ የዚያን ቀን ናት። ከዚያ ወዲያ ጥሩንባውን መጠበቅ ጀመርኩ። የእስላም ነው የክርስቲያን ነው አላልኩም፤ ሞጆም ይሁን ወለንጪቲ፣ ሰው ሞተ ከተባለ ሄጃለሁ። ቦታ የለቀቀልኝ ሰው ሁሉ ለማን እንደማለቅስ ያውቅ ነበር። የጓደኛዬ የአበዛሽ አማት እማማ ዘርፉ፣ ባለቤታቸው አቶ ገርባ የሞቱ ዕለት፣ በሁለት እጃቸው አቅፈው ይዘውኝ በጆሮዬ «አልቅሺ ልጄ፣ ለሐዲስም ይሁን» ብለውኛል። በኋላ ማቆም አቃተኝ። ገበያ መሀል፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት፣ የትም ቆሜ ማልቀስ ሆነ ሥራዬ። አእምሮዬ ተነካ፣ አልክድም። ጠበል ወሰዱኝ፣ በሰንሰለት አሰሩኝ፣ ቆይቶም ተሻለኝ።

አንተ ሐዲስን አወጣኸው። በአንድ መስመር እንኳ አላስገባኸውም። ሳንሱር አያሳልፈውም ትለኝ ይሆናል፤ አውቃለሁ፣ አያሳልፈውም። ታዲያ ማን ጻፍ አለህ? ዝም ማለትን ሳንሱር አይከለክልም።

አሁን የሰዉን ጉድ ስማ። በላይነሽን ታስታውሳታለህ፣ የሴቶች ማኅበሩን የምትመራውን። «እብድ ልጄን አታስተምርም» ብላ ፊርማ አሰባስባ ከትምህርት ቤት ያስወጣችኝ እሷ ናት። እሷ ቀሚስ ልታሰፋ መጣችና እጄን ይዛ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «እኔ ሠርግ ላይ እኮ መጥተሽ ነበር፤ ነጭ ለብሰሽ፣ ስታሳዝኚ» አለችኝ። በላይነሽ ስታገባ ሐዲስ ገና አፉን አልፈታም ነበር፣ እኔም ሙሉ ጤነኛ ነበርኩ። ሌላዋ ደግሞ እህቷ ሠርግ ላይ ሙሽራውን አንቄ እንደያዝኩት ነገረችኝ። ሌላዋ እንጀራ አጉርሳኛለች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። እነዚህ ሰዎች ከእኔ ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ከአንድ ሰፌድ ንፍሮ የቆነጠሩ ናቸው፤ ዛሬ ጠጅ እንደጠጣን ያወሩልኛል።

መጀመሪያ የሚዋሹኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ ገባኝ፣ አምነውታል። በር ዘግተው፣ የጎረቤት ልጅ ሲወሰድ ትንፋሻቸውን ይዘው የተቀመጡበትን ዘመን ከሚያስታውሱ የአንተ ሠርግ ተሻላቸው። በአንተ ሠርግ ውስጥ ገዳይ የለም፣ ያልደረሰ ደብዳቤ ብቻ ነው ያለው። ከተማው በሙሉ ተገላገለ። እኔ ግን ሰው ባየሁ ቁጥር ያንገሸግሸኝ ጀመር፤ ሲያለቅሱልኝ ይብስብኛል።

ቀበሌው ደግሞ መጽሐፍህን ለውይይት ክበብ አቀረበው። መቅረት አይቻልም፣ ሄድኩ። መርዳሳ ተነስቶ ውባለም የንዑስ ከበርቴ ፍቅር ሰለባ ናት፣ በማኅበር ተደራጅታ ቢሆን አታብድም ነበር አለ። እኔንም ከመቀመጫዬ አስነስቶ፣ ተሽሏት ለምርት የተሰለፈች እህታችን ብሎ አስጨበጨበልኝ፣ ጨበጠኝም። ከዚያ አንዲት ልጅ የሐይቁን ምዕራፍ ጮክ ብላ ስታነብ መሐረቡን አወጣ። አለቀሰ፣ ንዋይ። የውሸት ቢሆን ደግ ነበር፤ ከጎኑ ሆኜ አይቻለሁ፣ አፍንጫው ሁሉ ቀልቶ ከልቡ ነው ያለቀሰው። እኔ በወንድሜ እንዳላለቅስ በሬ ላይ የቆመ ሰው ለውባለም አነባ። ቤቴ ስደርስ እጄን በሳሙና ፈተግሁት።

አንዱን ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገርህ፤ መጽሐፍህ ጠቀመኝ። እነዚያን ዓመታት ከሞቱት በላይ ካሉት በታች ነበርኩ። የፀረ ሕዝብ እህት ቤት ማን ይገባል? ልብስ እንኳ የሚያሰፉት ሌላ ሰፊ ሲያጡ ነበር። ውባለም ከሆንኩ በኋላ በረንዳዬ ሰው አይጠፋውም። በወንድ ያበደችን ማንም አይፈራትም፣ እንዲያውም ይወዳታል። በዚህ መሀል አበዛሽ መጣች፣ ከስንት ዓመት ስለት በኋላ የወለደቻትን ሴት ልጇን ታቅፋ። አማቷ እንደፈቀዱ፣ ባሏ ባጫም እሺ እንዳለ ነገረችኝና ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት። «ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ምን ልበልህ። ስንት ዓመት ማንም ልጁን አሳቅፎኝ አያውቅም፤ ዓይኔ ሲያርፍባቸው እንኳ በነጠላ ይሸፍኗቸው ነበር። እኔ አልወለድኩም፣ ከእንግዲህም የምወልድ አይመስለኝም። ሐዲስን ካሳደግኩ ወዲህ ክንዴ ባዶ ነው። ክርስትና ማንሳት ደግሞ ተራ ነገር አይደለም፤ ከውሃው ተቀብያት፣ በስሟ መልሼላት፣ እስከ ዕለተ ሞቴ የነፍስ እናቷ ልሆን ነው። ልጅ ይኖረኛል ማለት ነው። አውራ ጣቴን ጨብጣ እንዴት እንዳዛጋች አንተ ልትጽፈው አትችልም። ሰማንያ ቀን እስኪሞላት ድረስ ነጭ ቀሚሷን ሰፋሁ፣ ጥልፉን በእጄ ጠለፍኩ። ለዚህች ልጅ ስል ውባለም ሆኜ እኖራለሁ፣ ሠርግም ካሉኝ ሠርግ ነው፣ አፌን እለጉማለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

የዋዜማው ዕለት ከሰዓት በኋላ እማማ ዘርፉ ቤት ነበርን። በጉ ታርዷል፣ ሴቶቹ ከመቂ የመጣ ሽንኩርት ከበው ይከትፋሉ፣ እኔ ልጅቷን አቅፌ መሀላቸው ተቀምጫለሁ። መርዳሳ መጣ። ለካ የባጫ የአጎት ልጅ ነው፤ ለባጫም የመንግሥት እርሻ ሹፌርነት ያስገኘለት እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን መግባት ለካድሬ አያምርም፣ የክርስትና ጠላ ግን ይጠጣል። አንድ ሁለት ካለ በኋላ ወደ እኔ ዞረ፦ «እስቲ ውባለም፣ ያ ደራሲ አሁን በዚህ በር ቢገባ ምን ትይዋለሽ?» ሳቁ። እማማ ዘርፉም ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ከንፈሬ ሁሉ ተከፍቶ ነበር።

በላይነሽ ሽንኩርቷን እየከተፈች ጣልቃ ገባች። «ደግሞ ለወንድ!» አለች። «ሰው ለእናቱ ልጅ እንኳ ሦስት ቀን ነው የሚያለቅሰው።»

ሦስት ቀን። ለሐዲስ ሦስት ቀን ቢሰጡኝ ኖሮ ይህ ሁሉ መቼ ይመጣ ነበር? ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ፣ ሰው መጥቶ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎኝ ቢሆን፣ የማንንም ጥሩንባ አልከተልም ነበር። የልጅቷን ራስ በመዳፌ ደግፌ፣ እንዳትነቃ ድምፄን ሳላነሳ ተናገርኩ።

«ለወንድ አይደለም። ያበድኩት ለወንድሜ ነው። ሐዲስ ይባላል። ጓድ መርዳሳ ያውቀዋል፤ እንዳላለቅስ በሬ ላይ ቆሞ የጠበቀኝ እሱ ነው።»

ቢላዎቹ ሁሉ ቆሙ። ባጫ ተነስቶ ሬዲዮኑን ከፈተ። መርዳሳ ይቆጣል ብዬ ነበር፣ አልተቆጣም። ጽዋውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወደ እማማ ዘርፉ ዞሮ፣ እንደሌለሁ ቆጥሮኝ፣ «ይህቺ ልጅ ድናለች አላላችሁኝም ነበር?» አላቸው።

እማማ ዘርፉ በክንዴ ይዘው ከነልጅቷ ጓዳ አስገቡኝና በሩን ዘጉት። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «የባጫ እንጀራ እኮ በሱ እጅ ናት። ውጪና ቀለድኩ በይ። በወንድ ይሁንልሽ። በወንድ ካልሽ ነገ ልጅቷን የምታነሻት አንቺ ነሽ፣ በአቦ ምዬልሻለሁ።»

«እማማ» አልኳቸው፣ «አቶ ገርባ የሞቱ ዕለት እንደዚህ ይዘውኝ በጆሮዬ ያሉኝን ይረሱታል?»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እንባቸው ግጥም ብሏል። አልረሱትም፤ ይህንንም ቃል በቃል እንደማይረሱት አወቅኩ።

«ሠርግ ነበር» አሉኝ።

የባላቸውን ቀብር፣ ንዋይ። ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩትን፣ ሰባት ልጅ የወለዱለትን ባል ቀብር ሠርግ ነበር አሉኝ። አልተናደድኩባቸውም፤ ፈርተው ነው፣ ለልጃቸው ብለው ነው። ግን በዚያች ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ገባኝ። ከዚህ በኋላ ያቺን ልጅ ባነሳት፣ በእግሯ ቆማ ስትጠይቀኝ የምነግራት ይህንኑ ይሆናል። አንድ ቀን «እትዬ ሙሉ፣ ወንድም ነበረሽ እንዴ?» ስትለኝ፣ አልነበረኝም ልላት ነው። እማማ ዘርፉ በሰባ ዓመታቸው የቻሉትን እኔ ልችለው አልፈለግኩም።

ወጣሁና ልጅቷን ለአበዛሽ መለስኩላት። አበዛሽ ቀና ብላ አላየችኝም፤ ተቀበለችኝና ደረቷ ላይ አጣብቃ ያዘቻት። አልፈርድባትም፣ አልምራትምም።

በማግስቱ በላይነሽ አነሳቻት። እኔ የሰፋሁትን ቀሚስ አልብሰዋት ነበር አሉ፤ ልክክ አለባት ሲሉ ሰማሁ። የዚያን ቀን መኪናዬን አልነካሁም። ከሰው የምደብቀውን ለአንተ አልደብቅም፤ ክንዴ እስካሁን ያመኛል፣ ሕፃን ስታለቅስ በሰማሁ ቁጥር ከመቀመጫዬ እነሳለሁ።

ከዚያ ወዲህ በረንዳዬ ጭር ብሏል። ያሰፉትን ልብስ በሰው እየላኩ ያስወስዳሉ። ያቺ ፈርሚልኝ ያለችኝ ተማሪ መንገድ ትቀይራለች፣ አብዱልጀባርም ሰላምታውን በአገጩ አድርጎታል። አንባቢዎችህ ግን አልተዉህም፤ ውባለም ከሐይቁ ትውጣ፣ ትዳን፣ ይጋቡ እያሉ ደብዳቤ ይጽፉልሃል፣ አንተም ሁለተኛ ክፍል እያሰብክ ነው ተብሎ ይወራል። ለመንኩህ፣ አታውጣት። ከዚያ ውኃ ወጥታ የምትመጣው እኔ ላይ ነው።

ነገ ጠዋት ቀበሌ ቅረቢ ተብያለሁ። ይህንን ደብዳቤ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው በእጁ የምሰጠው ለዚህ ነው። አልዳነችም ብለው እንደገና ጠበል ይሰዱኝ ይሆናል፣ ወይም ሌላ ነገር ያደርጉኝ ይሆናል፤ አላውቅም። ፈርቻለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ልንገርህ። አሁን ሰው ከደጄ ሲሸሽ በየፊቱ ላይ የማየው ሐዲስን ነው። ስሙን አይጠሩትም፣ ግን ያስታውሱታል፤ አስታውሰውት ነው እኮ የሚሸሹኝ። አንተ ከመጽሐፍህ ያወጣኸው ልጅ ከተማው ተመልሶ ገብቷል። ነገም ምን አሳበደሽ ብለው ቢጠይቁኝ ስሙን ከነአባቱ እነግራቸዋለሁ፣ ቃሌ ነው።

መልስ አትጻፍልኝ።

የሐዲስ እህት፣
ሙሉብርሃን